አራሷን ማን ይያዛት

የኔአለም ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሥራዋ እርጉዞችንና አራሶችን ማነጋገር፣ ልጅ ማሳደግ የከበዳቸውን ወላጆች ማዳመጥ ነው። ሰዉ ግን ያን ሁሉ ስም ለመጥራት ጊዜ ስለሌለው «የምክር ሲስተር» ይላታል። እሷም ነርስ አይደለሁም ብላ ማረም ከተወች ቆይታለች።

መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ባልደረባዋ የተሻለ ሥራ አግኝታ ባሕር ዳር ስትሄድ ምትክ ይመጣል ተባለ። ምትክ ሳይመጣ ክረምቱ ወጣ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታካሚ ይቀራል፤ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የቀረው ሁሉ በአንድ ቀን ይመጣል። ስለዚህ ቀኖቿ ወይ ባዶ ናቸው፣ ወይ እስከ አፍ ገደፋቸው የሞሉ። ባዶዎቹም አያሳርፏትም፤ ያልመጡትን ስታስብ ትውላለች።

በክትባት ቀን ጠዋት እናቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ፊታቸው ቆማ ታስተምራለች። ልጅ ሲያስቸግር ከመቆጣት በፊት ቆም ማለትን፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ መተንፈስን፣ ከዚያም ልጁ በዚያች ሰዓት ምን እንደሆነ ማየትን ታስረዳቸዋለች። እናቶቹ በትሕትና ይሰሟታል። አንዳንዴ አንዷ ደፋር፣ እኔ ተንፍሼ እስክጨርስ ወተቱ ይገነፍላል ትልና ሁሉም ይስቃሉ። የኔአለምም አብራ ትስቃለች። ማታ ቤቷ ገብታ የሦስት ዓመቷ ሂዊ ፊቴን አልታጠብም ብላ ስታለቅስ ግን ያ ያስተማረችው ትንፋሽ የት እንደሚገባ አታውቅም። ባለቤቷ አስማማው የሚሠራው ደጀን ነው፤ መንገድ ከፈቀደ አልፎ አልፎ ለእሑድ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስታካፍለው የዋለችው ትዕግሥት ለገዛ ልጇ ሳይደርስ ያልቃል።

ታየች የመጣችው በጥቅምት ነበር፤ ጤፉ አሽቶ፣ ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ሰዉን ሁሉ ጋቢ ያስለበሰ ሰሞን። ከአምበር ወጣ ብላ ካለች መንደር ከአማቷ ከእትዬ የብርጓል ጋር ልጇን ለማስከተብ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ልብ ያለቻት መርፌ የምትወጋው ነርስ ቢልቂስ ናት። መርፌው የልጁ ጭን ላይ ሲያርፍ እናት ሁሉ አብራ ትሸማቀቃለች። ይቺ ግን ልጁን አማቷ ታቅፋው፣ እሷ ግድግዳውን ታያለች። ልጁ እሪ ሲል እንኳ ዞር አላለችም። ቢልቂስ ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ታጥባ መጣችና ለየኔአለም በጆሮዋ ነገረቻት።

የኔአለም አማትና ምራቲቱን ወደ ክፍሏ አስገባች። እትዬ የብርጓል ሳትጠየቅ ጀመረች። ልጅቱ እህል አይወርድላትም፣ እንቅልፍ የላትም፣ ልጁን አምጪልኝ አትልም፣ ስታጠባው እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው። አራስ ቤት ሳለች ምን ጎደለባት? በግ ታርዶላታል፣ ቅቤው ከራስ ጠጉሯ አልጠፋም፣ ገንፎ በየማለዳው ነው። ጠበልም ተወስዳለች። ይህን ሁሉ ስትናገር ልጁን እያባበለች፣ መጠቅለያውን እያስተካከለች፣ በመሐል ምራቷን በጎን እያየች ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟት ነበር። የኔአለም ድካም ስታይ ታውቀዋለች።

አማቲቱ ውጭ እንድትጠብቅ ተደረገና ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ታየች በዚያ ቀን ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም። የኔአለምም አላጨናነቀቻትም። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረቻት። እትዬ የብርጓል አጨዳ ደርሶ ሳለ ለወሬ ብሎ ማርቆስ መመላለስ ምን ይሉታል ብላ አጉረመረመች፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ይዛት መጣች።

በሁለተኛው ጊዜ ታየች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች።

«የምነግርዎ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ ልጄን ይወስዱብኛል» አለች በመጨረሻ።

የኔአለም እውነቱን ነገረቻት። የሰማችውን ለማንም አትናገርም፤ የልጁ ወይም የእሷ ነፍስ ለአደጋ ከተጋለጠ ግን ዝም አትልም፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድማ ለራሷ ለታየች ትነግራታለች። ታየች ይህን ሰምታ ትንሽ አሰበች። ቃሉ ሙሉ ሆኖ ያልተሰጣት መሆኑ ይበልጥ ያሳመናት ይመስል መናገር ጀመረች።

ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው ነገሩ የጀመረው። ወንዙ ገና ሙሉ ነበር። በግንድ ድልድዩ ላይ ልጁን ታቅፋ መሐል ስትደርስ፣ «ጣይው» የሚል ሐሳብ መጣባት። ድምፅ አልነበረም፤ ሰውም አላየችም፤ የገዛ ሐሳቧ ነበር። እንደ ምንም ተሻገረችና ልጁን ለአማቷ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ልጁን በያዘችው ቁጥር ይመጣል። እሳት ዳር ስትሆን ስለ እሳቱ፣ ቢላ ስታይ ስለ ቢላው። ስለዚህ መያዝ ተወች። ስታጠባው ዓይኗን የምትጨፍነውም ላለማየት ነው።

«ሐሳቡ ሲመጣብሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብላ የኔአለም ጠየቀቻት።

«ላገኘሁት ሰው ሰጥቼው እሸሻለሁ። እጄን አላምነውም፣ ሲስተር። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩት።»

መሞት ትመኝ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ መሞት እንኳ አይደለም፣ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ አለች።

የኔአለም ይህን የመሰለ ታሪክ ከብዙ አራሶች አፍ ሰምታለች፤ ሁሉም ግን በዓለም ላይ ብቻዬን ነኝ ብለው ነው የሚመጡት። ቀስ ብላ አስረዳቻት። ልጇን ልትጎዳ የምትፈልግ እናት ሐሳቡ ሲመጣባት ልጁን ሰጥታ አትሸሽም፤ አንቺን ያስፈራሽ ስለምትሳሺለት ነው። ሐሳብ ሥራ አይደለም፤ ሐሳብ ስለመጣ እጅ አይከተለውም። ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ብዙ ሴት ይይዛል፣ ይድናልም። እንዲህ ብላ ብቻ አላሰናበተቻትም፤ ተኝቼ ባልነቃ የምትል ሴት በምክር ብቻ አትሸኝም። የዚያን ቀን ከሰዓት ራሷ ይዛት ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ መርምሮ ማጥባት የማይከለክል ኪኒን አዘዘላት።

ለአማቲቱ ምን እንደሚነገራት ሁለቱ ተነጋግረው ወሰኑ። የሐሳቡ ነገር ቀርቶ፣ ሕመም መሆኑ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ ልጅቱ ለብቻዋ እንዳትተው ተነገራት። ጠበሉም ኪኒኑም ጎን ለጎን ይሂድ ተባለ። እትዬ የብርጓል የኪኒኑን ካርቶን አገላብጣ አየችና፣ «የሐሳብ ኪኒን መቼ መጣ ደግሞ?» ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በኅዳር ታየች ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። እንቅልፍ ጀምሯታል። አንድ ቀን ልጁን፣ ይበልጣልን፣ ከማርቆስ መናኸሪያ እስከ ጤና ጣቢያው ራሷ አዝላው መጣች። የኔአለም የዚያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ቀለል ብሏት ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ታየች ቀረች። የኔአለም ኪኒኑ እጇ ላይ ማለቁን ታውቃለች፤ ማድረግ የምትችለው ነገር ግን አልነበራትም። ወንበሩ ባዶ በዋለ ቁጥር ወንዙ ድቅን ይልባታል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። የመጣችው ግን ታየች አልነበረችም፤ ባሏ ነው፤ ድረስ ይባላል። ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ገበሬ ነው። ዱላውን ውጭ አስደግፎ ገባና ተቀመጥ ቢባል ቆሞ ተናገረ።

ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ልጅቱ ወደ በፊቱ ሕመሟ ተመለሰች። አንድ ቀን እናቱ ለቅሶ ሄደች፤ እሱ አውድማ ላይ ነበር። እናቱ ስትመለስ ልጁ መደቡ ላይ ብቻውን እሪ ይላል፤ ታየች ከጓሮው ማዶ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። እናቱ ከዚያ ወዲህ ልጁን አላስነካቻትም፤ ስታጠባው እንኳ ፊቷ ቆማ ነው። አሁን ታየች ወደ አባቷ ቤት ትሂድ፣ ልጁ እዚህ ይቅር፣ የወንድሙ ሚስት ወተት ስላላት ታጠባዋለች ተብሏል። ሽማግሌ እሑድ ይቀመጣል። እናቱ የላከችው የኔአለም መጥታ፣ ይህች ሴት ልጅ ማሳደግ አትችልም የሚል ቃል እንድትሰጥ ነው።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው።

ድረስ መሬት መሬቱን አየ። «እኔን የጠየቀኝ የለም። ልጁም እንዳይጎዳ፣ እሷም እንዳትሄድ ነው የምፈልገው። ይኼ ይሆን እንደሁ እንጃ።»

ያች እሑድ አስማማው ከደጀን የሚመጣባት ነበረች። ሂዊ አባቴ ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ከርማለች። የኔአለም አልሄድም ልትል ፈለገች። ሥራዋ እዚህ ወንበር ላይ ነው፤ የሽማግሌ ጉባኤ ውስጥ ግቢ ያላት የለም፤ ደግሞም ደክሟታል፤ በእንቅልፍ የማይወጣ ዓይነት ድካም። ቅዳሜ ማታ ልብስ ስታጥብ ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረች። እሑድ ጠዋት ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለባሏ ስልክ ደውላ፣ የታየችን ኪኒን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

መንደሩ ስትደርስ አስቀድማ ታየችን አየቻት። ከስታለች። ሽማግሎቹ ቢጠይቁኝ ምን ልበል፣ ምንስ አልበል ብላ ፈቃዷን ጠየቀቻት። ታየች፣ ታማለች ይበሉ፣ የወንዙን ነገር ግን አያንሡ አለቻት።

ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ከወይራ ሥር ተቀምጠዋል። በመሐል ያሉት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው። የታየች አባት አቶ ገዳሙ ከደጀን በላይ ካለ አገራቸው በሌሊት ተነሥተው መጥተዋል፤ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው ማንንም አያዩም። እትዬ የብርጓል ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ስትጨርስ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ የኔአለም ዞረ።

መሪጌታ፣ «ልጄ፣ የተማርሽ ነሽና አታርዝሚብን። ይህች ልጅ ደህና ናት ወይስ አይደለችም?» አሏት።

«ደህና አይደለችም፣ አባቴ። ታማለች» አለች።

ሰዉ ጉርምርም አለ። አቶ ገዳሙ ቀና አሉ። የኔአለም ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። ሕመሙ የሚድን ነው፤ ሲሻላት እንደነበረ ሁሉም አይቷል፤ የተመለሰባት መድኃኒቱ ስላለቀ ነው። ልጁን ከእናቱ መለየት ለሁለቱም አይበጅም። ብቻውን የተወችውም ጠልታው አይደለም። ታዲያ ለምንድን ነው ተባለች። ምክንያቱን እንድናገር አልተፈቀደልኝም ስትል ከጫፍ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ምስጢር የቄስ ነው፣ ሐኪም ደግሞ መቼ ጀመረው ብለው አጉረመረሙ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። የኔአለም ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ነገሩን ያበላሸችው መሰላት።

ታየች ከኋላ ተነሥታ ቆመች።

«ልጁን ትቼው የወጣሁት እንዳይጎዳብኝ ነው» አለች።

«ከማን?» አሉ መሪጌታ።

«ከእኔ።»

ከዚያ የወንዙን ነገር ተናገረች። የምትናገረው ለማንም አልነበረም፤ ዓይኗ ልጁ ላይ ነው። እትዬ የብርጓል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ገዳሙ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ድረስ ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው አያት።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች አማቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይወስዱብኛል ብዬ።»

ልጁ በእትዬ የብርጓል ክንድ ላይ ነው።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቃል ፈቱ። «አራስ የምትለዋን ቃል እስኪ እዩልኝ» አሉ። «ፊተኛዋን ፊደል ብታነሷት የሚቀረው ራስ ነው። የዚህች ልጅ ራሷ አልጠፋም፤ አንዲት ፊደል ከፊቱ ቆማ ጋርዳዋለች። ፊደሏ በጊዜዋ ትነሣለች እንጂ በፍርድ አትነሣም።»

ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ግን አልተስማሙም። ጉርምርም ባዩ ሽማግሌ፣ ቅኔው ደግ ነው፤ ልጁ ቢሞት በቅኔ አናስነሣውም አሉ። የኔአለም አልተቀየመቻቸውም። እሷም በየማታው የምትፈራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪለቃት ሌት ተቀን ሰው ከአጠገቧ እንዳይለይ፣ መድኃኒቱም አንድ ቀን እንዳይቋረጥ እንዲወሰን ለመነች። ልጁን እንዳይነጥቋት፤ ከእሷ ጋር ሆኖ ሌላ ሰው አብሯቸው ይሁን።

ክርክሩ ፀሐይ እስክታዘነብል ቆየ። በመጨረሻ ታየች ልጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳ እስከ ፋሲካ እንድትቆይ፣ ኪኒኑንም ከደጀን እንድታገኝ ተወሰነ። ያን ጊዜ እትዬ የብርጓል ተነሣች። ልጁ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ አለች። በምራትሽ አባት ቤት ምን ብለሽ ትቀመጫለሽ ሲሏት፣ «አቶ ገዳሙ ጥግ አይነፍጉኝም» አለች። አቶ ገዳሙ ከጠዋት ጀምሮ ያልፈቱትን ፊታቸውን ትንሽ ፈቱት። ድረስ ከብቶቹንም ድስቱንም ብቻውን ሊጠብቅ ቀረ።

የኔአለም አምበር ላይ መኪና አጥታ ብዙ ቆመች። አንድ እህል የጫነ አይሱዙ አሳፍሯት ማርቆስ ስትደርስ አስማማው ሰኞ ሥራ ስላለው ተመልሷል። ሂዊን ከጎረቤት ቤት አልጋ ላይ ቀሚሷን እንደ ለበሰች ተኝታ አገኘቻት። አባባ ሄደ፣ አንቺም አልመጣሽም አለቻት በእንቅልፍ ልቧ። የኔአለም አቅፋት ስትወጣ ምንም አልተሰማትም፤ ደስታም፣ ጸጸትም። ማልቀስ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል።

ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም። በየካቲት ታየች እንደገና ከፋት። የደጀኑ ሐኪም የኪኒኑን መጠን ጨመረላት። ስልክ ሲሠራ ለየኔአለም ትደውላለች፤ እናቷና አማቷ ደግሞ በመሐል ስልኩን እየነጠቁ ያወራሉ። እትዬ የብርጓል አንድ ጊዜ፣ ዛሬ ብቻዋን አጠበችው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ግን ጀርባዬን ሰጥቻት ነው ብላ ነገረቻት።

ከፋሲካ በኋላ ድረስ ሄዶ አመጣቸው። በግንቦት፣ ለኩፍኝ ክትባት ማርቆስ መጡ። ይበልጣል ወፍሯል፤ የቢልቂስን ሂጃብ ጎትቶ አልለቅም አለ። መርፌው ሲያርፍበት ታየች ዓይኗን ጨፍና ተሸማቀቀች፤ ከዚያ ራሷ አባበለችው።

የኔአለም ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ታየች የደበቀችው የለም። ሐሳቡ ጨርሶ አልቀረም፤ ይመጣል። ሲመጣ ግን ልጁን ይዛ ትቆያለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ከመደቡ መነሣት ያቅታታል። መንደር ውስጥ ልጃቸውን እንድትይዝላቸው የማይሰጧት ሴቶች አሉ፤ እሷ ስታልፍ ወሬ ያቋርጣሉ። ሁለት አራሶች ደግሞ በየተራ ሰው ሳያያቸው መጥተው አንቺን ያመመሽ ምን ዓይነት ነበር ብለው ጠይቀዋታል። አንዷን ዛሬ አብራ አምጥታታለች፤ ውጭ ተቀምጣለች።

«ባልናገር ይሻለኝ ነበር የምልበት ቀን አለ» አለች ታየች። «ዛሬ ግን አይደለም።»

የኔአለም ራሷን ነቀነቀች። ታየች ኪኒኗን ከመድኃኒት ክፍል ልታወጣ ስትነሣ ይበልጣልን አንሥታ፣ «እስክመለስ ይያዙልኝ» ብላ የኔአለም ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ልጁ ጥቂት ተቁነጠነጠ። ከዚያ ግንባሩን አንገቷ ሥር ወሽቆ እንቅልፍ ወሰደው። ከባድ ነበር፤ ትንፋሹ ይሞቃል። ቢልቂስ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ከአምበር የመጣችው አራስ ብርድ ላይ እየጠበቀች ነው አለቻት።

«አስገቢያት» አለች የኔአለም፣ ከወንበሯ ሳትነሣ። «እኔ አልንቀሳቀስም። አንቺ ወንበሩን ወደዚህ አስጠጊላት።»